አምፕሊፋየር ምንድን ነው? ከኋላውስ ምን ተጽፏል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የቤት ዕቃ ነው። ዕቃው አሮጌ ነው። በብዙ ቤት አይገኝም። በተገኘበት ቤት ግን ሊያስደስትም፣ ሊያቃጥልም ይችላል። ስሙ አምፕሊፋየር ይባላል። ቃሉ ረዘም ይላል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ አም-ፕሊ-ፋ-የር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ ከአሜሪካ ሲመለሱ አንድ ከባድ ካርቶን ይዘው መጡ። ከውስጡ ጥቁር የብረት ሣጥን ወጣ። ለሁለት ነው ያነሣነው። ፊት ለፊቱ ላይ አንዲት ማብሪያ ብቻ አለች። ጣቢያ መፈለጊያ የለውም። ድምፅ መጨመሪያም የለውም። የአጎቴ ባለቤት ዞር ዞር ብለው አዩትና «ይኼ ራዲዮ ነው ወይስ ምጣድ?» አሉ። እኔ መምህር ነኝ። በቤቱ ውስጥ አዋቂው እኔ መሆኔ ነው እንግዲህ! ሶኬቱን ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ማብሪያውን ተጫንኩ። ጧ! አለ። ቤቱ በጭስ ታፈነ።

ሣጥኑን አዙረን ስናየው ከኋላው ትንሽ ጽሑፍ አለ። 120 ይላል። በአገራችን ቤት ውስጥ የሚገባው ኤሌክትሪክ ደግሞ 220 ነው። ሰው ሳስነብብ የምውለው ሰውዬ ሦስት አኃዝ ሳላነብ ቀረሁ። እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው እንየው።

ቴፑ ወይም ቴሌቪዥኑ የሚሰጠው የድምፅ ምልክት እጅግ ደካማ ነው። ትልቅ ስፒከር ሊያንቀሳቅስ አይችልም። አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ግን ጉልበቱን ከየት ያመጣል?

መስኖ ባለበት አገር የኖራችሁ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ በቦይ ይመጣል። በቦዩ አፍ ላይ መዝጊያ አለ። አንድ ልጅ መዝጊያውን ከፍ ሲያደርገው ብዙ ውሃ ያልፋል። ዝቅ ሲያደርገው ውሃው ያንሳል። የልጁ ጉልበት ትንሽ ነው፤ ማሳውን የሚያጠጣው ወንዙ ነው። አምፕሊፋየርም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ልጁ ያ ደካማ ምልክት ነው። ወንዙ ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። መዝጊያው ትራንዚስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት። ትራንዚስተር የተፈለሰፈችው እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ ውስጥ፣ ቤል በተባለ የምርምር ቤት ነው። ከዚያ በፊት ይህንኑ ሥራ የሚሠራው አምፖል የሚመስል፣ እንደ ፍም የሚግል የመስታወት ቱቦ ነበር።

አሁን «ባለ ብዙ ቻናል» ወደሚለው እንምጣ። ቻናል የሚለው ቃል ራሱ ቦይ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ሙዚቃ በሁለት ቦይ ይመጣል፤ አንዱ ለቀኝ ስፒከር፣ አንዱ ለግራ ስፒከር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባለ አራት ቦይ ሙዚቃ ተሞክሮ ነበር። ገበያው አልወደደውም፤ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። በ1990ዎቹ ግን ሰዎች ፊልምን በየቤታቸው እንደ ሲኒማ ቤት መስማት ፈለጉ። ያን ጊዜ ባለ አምስት ቦዩ መጣ። ሦስቱ ስፒከሮች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ከጎን ወይም ከኋላ። በፊልሙ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ድምፁ ከፊታችሁ ተነሥቶ ከኋላችሁ ይሄዳል። ሮቴል የተባለው የጃፓን ኩባንያ በዚያ ዘመን የሠራው አርቢ 985 የሚባለው አምፕሊፋየር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አምስት ቦይ አለው። እያንዳንዱ ቦይ 100 ዋት ይሰጣል።

100 ዋት ሲባል አትደንግጡ። በቤት ውስጥ ረጋ ብሎ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው 1 ዋት እንኳ ብዙ ነው። ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ እንዲሆን ደግሞ ጉልበቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ አምስት ቦይ አለው ማለት ድምፁ አምስት እጥፍ ይጮኻል ማለት አይደለም።

እንዲህ ያለው ዕቃ ብቻውን አይዘፍንም። ከፊቱ ድምፅ የሚመጥን ሌላ ዕቃ ይፈልጋል። ያለዚያ መዝጊያው እንዳለ ተከፍቶ ስፒከሩን ሊቀድደው ይችላል። አጎቴ ይህን አላወቁም ነበር፤ እኔም አላወቅሁም።

ጠጋኙ ሣጥኑን ከፍተው ውስጡን ሲያሳዩኝ ነው ብዙው ነገር የገባኝ። መካከል ላይ ትልቅ ትራንስፎርመር አለ። የዕቃው ክብደት በአብዛኛው እሱ ነው። አጠገቡ ቆርቆሮ የሚመስሉ ሁለት ወፋፍራም ነገሮች ቆመዋል። ካፓሲተር ይባላሉ። እነዚህ ኩሬዎች ናቸው። ውሃውን አጠራቅመው ለአምስቱም ቦዮች ያከፋፍላሉ። የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ለ120 የተሠራው ዕቃ ላይ 220 ስለቅበት ወደ እጥፍ የተጠጋ ጎርፍ ገባ። ኩሬዎቹም ፈነዱ።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ዝናቡ ቢያባራም ኩሬው ወዲያው አይደርቅም። ካፓሲተርም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ኤሌክትሪኩን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ሣጥኑን በመፍቻ ከፍታችሁ እጃችሁን አትስደዱ። ልጆችም እንዳይነኩት። ካፓሲተር ሲያረጅም ውስጡ ይደርቃል። ሙዚቃ ሳይኖር ስፒከሩ «ምምም…» እያለ የሚያጉረመርም ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ያን ጊዜ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

ፊውዝ የምትባለው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ዘበኛ ናት። አደጋ ሲመጣ ቀድማ የምትቃጠለው ሌላውን ለማዳን ነው። «ፊውዟ ተቃጠለች» ብለው በወፍራም ሽቦ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የሚተኩ አሉ። ዘበኛውን አባርሮ በሩን ከፍቶ መተኛት በሉት።

ዳንቴልስ? ዳንቴል ያማረ የቤት ጌጥ ነው፤ አልክድም። ግን አምፕሊፋየር ላይ አታልብሱት። ከግድግዳ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብዙው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው። በላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ማኖርም አይገባም፤ ውሃው ቢፈስ ወዴት እንደሚገባ አስቡት።

ለሰርግ ብላችሁ ድንኳን ውስጥ ስፒከር አትደርድሩበት። የቤት ስፒከር ብዙውን ጊዜ 8 ኦም ይባላል። ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን ነው። ሁለት ባለ 8 ስፒከሮች ጎን ለጎን አንድ ቦይ ላይ ሲታሰሩ 4 ይሆናሉ። ቦዩም እጥፍ ውሃ እንዲያሳልፍ ይገደዳል። ይግላል። ሙሽራው ሳይገባ ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ዕቃውን አዙሩትና ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ፊደሉ የላቲን ነው፤ ቁጥሩን ግን ታውቁታላችሁ። ከቁጥሩ ጎን ጫፏ ወደ ታች የሾለ፣ እንደ ማረሻ ያለች ፊደል ትገኛለች። ቮልት ማለት ናት። ቁጥሩ 220፣ 230 ወይም 240 ከሆነ ለአገራችን ይሆናል። 110፣ 115 ወይም 120 ከሆነ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አትሰኩት። ሁለቱም ከተጻፉና ማዞሪያ ካለው፣ ማዞሪያው የቱ ላይ እንደቆመ አስቀድማችሁ እዩ።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር በገበያ ይገኛል። ሲገዙ ግን ሌላም ቁጥር መነበብ አለበት። ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን የተቀመጡባትን ፊደል ፈልጉ። ዋት ማለት ናት። የትራንስፎርመሩ ዋት ከአምፕሊፋየሩ ዋት መብለጥ አለበት። ለጢም መላጫ የተሠራ ትንሽ ትራንስፎርመር ይህን ጭነት አይችልም።

የአጎቴ ዕቃ ሦስት ሳምንት ጠጋኝ ቤት ቆየ። ፊውዙ፣ ሁለቱ ካፓሲተሮችና የአንዱ ቦይ ትራንዚስተሮች ተቃጥለው ነበር። ትራንዚስተሮቹ በገበያ አልተገኙም። ስለዚህ ጠጋኙ ያን ቦይ ለይተው ትተው የቀሩትን አራቱን አስነሡ። እኛ የምንሰማው ሙዚቃ በሁለት ቦይ ስለሚመጣ ምንም አልጎደለብንም። ዕቃው አሁን ያለ ዳንቴል ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ ግን የአጎቴ ባለቤት ዳንቴሉን አጠገቡ ባለው ትራንስፎርመር ላይ ሊያለብሱት ሲሉ ደረስኩባቸው። «ይኼም ይተነፍሳል እንዴ?» አሉኝ። አዎን፣ እሱም ይሞቃል።