ረዥሙን ልብ ወለድ ታሪክ አንብቦ ስለ መፈጸም

በድሬ ዳዋ ከተማ በከዚራ ሰፈር የሚመላለስ ሰው፥ መንገዶቹ በገመድ እንደ ተለኩ ቀጥ ያሉ፥ ግራና ቀኛቸውም በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ መሆናቸውን ያያል። ይህ ሰፈር የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ በኋላ የተሠራ ነው፤ በሐዲዱም ከአቡጀዲው ጋራ የፈረንሳይኛ ቋንቋ አብሮ ገባ። የዚህች ከተማ ነጋድራስ ሆነው ከሠሩት ሰዎች መካከል አንዱ፥ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ የመዠመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ያሳተሙት አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ። ሌላውም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመጽሐፍን ነገር ከከዚራ አንሥቶ መናገር ከቦታው የወጣ አይሆንም።

የአፈ ወርቅ መጽሐፍ አጭር ስለ ሆነ በሁለት ምሽት ይፈጸማል። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቁ ታላላቅ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ከውጭ አገርም ተተርጕመው መጥተዋል። ዛሬ አንድ ልማድ በከተሞቻችን ይታያል፤ ይኸውም ዓመቱ ሲብት «ዘንድሮ ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ» ብሎ ቍጥር መወሰን ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መለኪያው የመጽሐፍ ብዛት ሲሆን ሰው ቀጫጭኑን እየመረጠ ቍጥሩን ይሞላል፥ ወፍራሙም ከመደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስሙን የማያውቅ የተማረ ሰው የለም። ሆኖም በዛብህንና ጉዱ ካሣን የሚያውቃቸው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከራዲዮ ሰምቶ እንጂ መጽሐፉን ገልጦ ያልሆነ ብዙ ሰው አለ። ይህን ስንል ራዲዮውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ረዥም መጽሐፍ በየጊዜው እየተከፈለ ሲሰማ ማንም እንደማይሰለቸው ያስረዳናል።

ለካህናቶቻችን ደግሞ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ እጅግ ሰፊ መጽሐፍ ሲሆን፥ ከመስከረም እስከ የካቲት፥ ከመጋቢትም እስከ ጳጉሜን በሁለት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ዕለት የተወሰነ ንባብ አለው። ዳዊት የሚደግምም ሰው መዝሙሩን ለሰባቱ ዕለታት ከፍሎ ያደርሳል እንጂ 150ውን በአንድ ጊዜ ልጨርስ ብሎ አይጨነቅም። የዓመቱን ንባብ በመጽሐፍ ቍጥር ሳይሆን በዕለት መከፋፈል የአባቶች ሥርዓት ነውና፥ ለልብ ወለድ ታሪክ ንባብም ይኸው ስልት ያገለግላል።

የፈረንሳዊው ደራሲ የቪክቶር ሁጎ መጽሐፍ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. በአምስት ክፍል የታተመው ይህ ታሪክ፥ ምዕራፎቹ ቢቈጠሩ 365 ናቸው። መስከረም 1 ቀን የመዠመሪያውን ምዕራፍ ያነበበ ሰው፥ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ሳያጓድል ቢሄድ ጳጉሜን 5 ቀን ይፈጽመዋል። ብዙዎቹ ምዕራፎች አጫጭር ስለ ሆኑ በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ቢሰጡት ይበቃል፤ የድሬ ዳዋ የቀትር ሙቀት ሰውን ሁሉ ከጥላ ሥር በሚያስቀምጥበት ሰዓት ይህን ያህል ጊዜ ማግኘት የሚያስቸግር አይመስለንም።

አሁን ወደ ትርጕም ነገር እንመለስ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህን ታሪክ «ምንዱባን» ብለው በአማርኛ አቅርበውልናል። ትርጕም የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መቅድሙን ይመርምር፤ መጽሐፉ ሙሉ ነውን ወይስ አጥሮ የተጻፈ ነው? ከደራሲው ቋንቋ የተመለሰ ነውን ወይስ በሌላ ቋንቋ በኩል የመጣ? ያጠረውን ማንበብ ነውር የለውም፤ ነውሩ ያጠረውን አንብቦ ሙሉውን እንዳነበበ ሰው በጉባኤ መናገር ነው።

በሌላ ቋንቋ በኩል ሲመጣ የሚጠፋውን ነገር በአንድ ምሳሌ እናሳይ። በሁጎ ታሪክ ውስጥ ዣን ቫልዣን የሚባል ሰው ስለ እንጀራ ስርቆት ታስሮ፥ ለማምለጥ እየሞከረ ቅጣቱ ተጨምሮበት፥ ከ19 ዓመት በኋላ ይፈታል። ማንም ማደሪያ የነፈገውን ይህን ሰው አንድ ጳጳስ በቤታቸው ተቀብለው እንደ ጨዋ ሰው በአክብሮት ያነጋግሩታል፤ እርሱም የአክብሮቱን ቃል በሰማ ቍጥር ፊቱ ይበራል። ፈረንሳይኛ እንደ እኛ ቋንቋ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ይለያል፤ የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው። እንግሊዝኛውን ይዞ የሚተረጕም ሰው እንግዲህ በራሱ ፍርድ መምረጥ አለበት። በጳጳሱ አፍ «አንተ» ብሎ ቢጽፍ ሰዋስው አይጣላውም፤ ነገር ግን የምሕረቱ ሥራ የተዠመረው በዚያች በአንዲት «እርስዎ» ነበርና ታሪኩ ከሥሩ ይናጋል። ባለጉዳይ በየዕለቱ ከጠረጴዛቸው ፊት የሚቆምላቸው ሹማምንት ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት ሳይወዱት አይቀሩም።

ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ሰዎች ግን፥ በድሬ ዳዋም ቋንቋው በምድር ባቡር ሠራተኞች ዘንድ ብዙ ዘመን ሲነገር የኖረ ነውና፥ ምነው ሁጎን በራሱ ቃል ባነበቡት!

የመስኮባዊው የሌዎ ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» በ1869 እ.ኤ.አ. የተፈጸመ ሲሆን ብዙ ሰው ከመካከሉ የሚተወው ስለ ሰዎቹ ስም ብዛት ነው። አንዱ ሰው በስሙ፥ በአባቱ ስም፥ በቤተ ዘመዱም ስም በየተራ ይጠራል። ራስ መኰንንን አንድ ጊዜ በማዕርግ ስማቸው፥ አንድ ጊዜ አባ ቃኘው ብሎ በፈረስ ስማቸው ሲጠራ ለኖረ ለእኛ ሕዝብ ይህ ሊያስፈራው አይገባም። በመጽሐፉ ራስጌ ባዶ ገጽ ላይ ስሞቹን እየጻፉ መሄድ ይበቃል።

ስለ ተርጓሚዎች ድካምም አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ፥ ማርጋሬት ሚቼል የምትባል አሜሪካዊት በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ወፍራም ልብ ወለድ ታሪክ በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ተረጐመው። ወረቀቶቹም ከእስር ቤት ወጥተው በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የመጻፊያ ወረቀት በሌለበት ቦታ ይህ ሁሉ ሲሠራ፥ ወረቀቱም መብራቱም ያለን አንባቢዎች ሥራ በዛብን ማለታችን ያስገርማል።

አሁንም ንባቡን ለሚዠምር ሰው፦ የዓመቱ መጽሐፍ አንድ ይሁን፥ ሁለተኛው ቀጭን ቢሆንና ለመንገድ ቢያዝ አይከፋም። በሥራ ብዛት የታለፈ ዕለት ቢኖር የቀረውን ምዕራፍ በእሑድ መክፈል ይቻላል፤ ከሰባት ዕለት በላይ የተከማቸ ዕዳ ግን ሰውን ከመጽሐፉ ያስኰበልለዋልና አስቀድሞ መጠንቀቅ ይገባል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ለዚያች ዕለት ምዕራፍ አልተመደበላትም፤ ያን ቀን አንባቢው የመዠመሪያውን ምዕራፍ፥ የጳጳሱን ነገር፥ እንደ ገና ሊመለከተው ይችላል።