ጫማ ውስጥ የሚገባው ድጋፍ

ስንራመድ የእግራችንን ጫፍ ከመሬት ቀና የሚያደርገው ከቅልጥም ፊት ያለው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ወይም የሚያዘው ነርቭ ሲደክም ጫፉ ይንጠለጠላል። ሰውየው እንዳይደናቀፍ ጉልበቱን ከልክ በላይ እያነሣ ይራመዳል፤ ቶሎም ይደክመዋል። በልጅነት ልምሻ፣ በሥጋ ደዌ፣ በዘር በሚተላለፉ የነርቭ ሕመሞችም ይህ ያጋጥማል።

መፍትሔው ከባት ጀርባ ወርዶ ተረከዝን አቅፎ በውስጥ እግር ሥር የሚያልፍ የፕላስቲክ ድጋፍ ነው። ባለሙያው እግሩን በጄሶ ይጠቀልላል፤ ሲደርቅ ቀዶ ያወጣውና ባዶውን በጄሶ ሞልቶ የእግሩን ቅርጽ ያገኛል። አጥንት ጎላ በሚልበት ቦታ ላይ ጄሶ ይጨምራል፤ ፕላስቲኩ እዚያ ቆዳውን እንዳይጫነው ነው። ፖሊፕሮፒሊን የተባለ በምድጃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ያለብሰውና አየሩን በፓምፕ ይመጥጠዋል።

ትልቁ ውሳኔ የሚመጣው ሲቆረጥ ነው። ፕላስቲኩ ከቁርጭምጭሚት ጀርባ ጠበብ ካለ እየተለመጠ የእግሩን ጫፍ ብቻ ያነሣል። ወደ ፊት ሰፋ ካለ ግን ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዛል። ባቱ ደክሞ ጉልበቱ ለሚከዳው ሰው ደግሞ ቅልጥሙን ከፊት የሚደግፍ ጠንካራ ዓይነት ይሠራለታል። ስለዚህ በጫማ ቁጥር ብቻ ተመርጦ የሚገዛውን አልወድም፤ መታየት ያለበት የደከመው ጡንቻ የትኛው እንደሆነ ነው። ዱሼን የተባለው የጡንቻ መሳሳት ያለበት ልጅ በጣቶቹ የሚቆመው ሚዛኑን ለመጠበቅ ጭምር ነው። ቀን ቀን ጠንካራ ድጋፍ ቢታሰርለት መራመዱ ሊብስበት ይችላል፤ ለእሱ የሚመከረው ጅማቱ እንዳያጥር ሌሊት የሚታሰረው ነው።

ድጋፉን የመሥራት ሙያ ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው፤ ለምሳሌ የዮርዳኖስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። በአገራችን የመናገሻው የቼሻየር ማዕከል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልምሻ የመታቸውን ልጆች ሲያቆም ኖሯል። ፖሊፕሮፒሊንን በብዙ አገሮች ያስፋፋው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም በአዲስ አበባ ማሠልጠኛው ባለሙያዎችን አሠልጥኗል።

በሥጋ ደዌ እግሩ የደነዘዘ ሰው ድጋፉ ቢፈገፍገው አይሰማውም። ማታ ማታ አውልቆ ቆዳውን ማየት አለበት፤ ቅላቱ ካልጠፋ ድጋፉ እስኪስተካከል ማሰር የለበትም። ልጆች ሲያድጉ ደግሞ ድጋፉ ስለሚጠብባቸው በየጊዜው አዲስ ያስፈልጋቸዋል። ድጋፉ ከሚሠራበት ማዕከል ርቆ ለሚኖር የገበሬ ቤተሰብ ይህ ማለት የአውቶቡስ ሒሳብ፣ የአልጋ ኪራይና የታጎለ የእርሻ ሥራ ነው። ብዙ ልጆች ሁለተኛውን ድጋፍ ሳያገኙ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው።