አያት የማያነቡት አድራሻ

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በጊንጪ፣ ሦስት ትውልድ በሚኖርበት ቤት ሁለት ዓይነት ፊደል አብሮ ይኖራል። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ማንበብ የቻሉት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ኦሮምኛውም ጭምር የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ የልጅ ልጆቻችን ትምህርት የጀመሩት በዚያ ነው። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ እያወሩ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ላያነብ ይችላል።

ይህ ልዩነት ዛሬ ጉዳቱ የሚታየው ስልክ ላይ ነው። ቴሌብር አያትን በአማርኛም በኦሮምኛም ያናግራቸዋል። ልጆቻቸው በቴሌግራም የሚልኩላቸው መልእክት በፊደል ይደርሳቸዋል። ከመልእክቱ ሥር ያለው ሰማያዊ መስመር፣ ሲነኩት ወደ ሌላ ቦታ የሚወስደው የድረ ገጽ አድራሻ ግን የላቲን ነው። አታላዮች ይህንን ጠንቅቀው ያውቃሉ። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ከውጭ ገንዘብ ተልኮልዎታል» የሚለውን በጥሩ አማርኛ ይጽፉና፣ የሚወስዱበትን ቦታ አያት በማያነቡት ፊደል ያስቀምጡታል። በነርስነት ለኖረ ሰው ይህ ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ሳያነቡ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

አድራሻውስ ለምን በራሳችን ፊደል አይጻፍም? መጀመሪያ ነገሩ ሲሠራ የተፈቀዱት 26 የላቲን ፊደላት፣ 10 ቁጥሮችና አንድ ጭረት ብቻ ነበሩ። ፊደላችን በኮምፒውተር የዓለም መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2003 ደግሞ የሌሎች ፊደላት ስሞች በአድራሻነት እንዲያገለግሉ የሚያደርግ ደንብ ወጣ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሰው በፊደል ይጽፋል፣ ስልኩ ከውስጥ ወደ ላቲን ፊደልና ቁጥር ይለውጠዋል። ከ2010 ጀምሮ ግብፅ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በዓረብኛ፣ ሩሲያም በራሷ ፊደል የአገር መለያ አግኝተዋል። የእኛ የአገር መለያ ግን አሁንም በላቲን የሚጻፈው «ኢቲ» ነው።

መንገዱ ተከፍቷል ማለት ግን መኪናው ይሄዳል ማለት አይደለም። በፊደል የተጻፈ አድራሻ አንዱ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ሌላው ላይ አይከፈትም። አንዳንዱ የመልእክት መተግበሪያ አድራሻ መሆኑን ስለማያውቅ ሰማያዊ አያደርገውም። ኢሜይልም እንደዚያው ነው፤ ጂሜይል በሌሎች ፊደላት ወደተጻፉ አድራሻዎች መላክና ከእነርሱ መቀበል የጀመረው በ2014 ነው፤ ዛሬም ብዙ የምዝገባ ቅጾች እንዲህ ያለ አድራሻ ሲገባባቸው «ትክክለኛ አድራሻ ያስገቡ» ብለው ይመልሳሉ። አድራሻው ትክክል ነው፤ ያላወቀው ቅጹ ነው። መጻፉ ራሱም ትዕግሥት ይጠይቃል። የቃላት መለያው ሁለት ነጥብ አይፈቀድም፤ አራት ነጥብም የአድራሻን ነጥብ አይተካም፤ ስለዚህ መሀል ላይ የስልኩን ሰሌዳ ወደ ላቲን መልሶ ነጥቧን ማምጣት ያስፈልጋል። ዓይኑ የደከመ ሰው ሰሌዳ ሲቀያይር ማየት ነው!

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የራሳችን ጣጣ፣ የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ካርድ ክፍል የሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት እናት ስሟ አንድ ጊዜ በ«ኃ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ሀ» ይጻፍና ሁለት ካርድ ይከፈትላታል። የደም ግፊቷ ታሪክ በአንዱ፣ የስኳሯ በሌላው ይቀራል። ሐኪሙ ግማሹን ብቻ አይቶ መድኃኒት ያዛል። በወረቀት ዘመን ይህንን የምናስተካክለው መደርደሪያውን በእጅ በርብረን ነበር። ማሽን ግን «ኃ» እና «ሀ» ፍጹም የተለያዩ ናቸው ብሎ ነው የሚነሳው።

ወደ አድራሻ እንመልሰው። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለዱት ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ስም በጋዜጦች ላይ በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም ሲጻፍ ኖሯል። «መድኅን» የሚለውንም በሦስቱም «ህ» የሚጽፍ አለ። በስማቸው ድረ ገጽ ቢከፈት ሁለቱ በሦስቱ ሲባዛ ስድስት አጻጻፍ ይገኛል፤ ሲነበብ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው። አንዱን ቤተሰብ ቢይዘው አምስቱ ለማን ይሆናሉ? የባንክ ስም ቢሆንስ?

በዓለም ላይ የአድራሻ ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት ለዚህ የሚሆን ደንብ አለው። የአገራችን ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ያዘጋጀው የግዕዝ ፊደል ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 በአይካን ደንብ ውስጥ ገብቷል። ደንቡ የሚገዛው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣውን ክፍል ነው። በዚያ ቦታ ሞክሼዎቹ እንደ መንታ ይቆጠራሉ፤ አንዱ ስም ከተሰጠ በሞክሼው የተጻፈው ለሌላ ሰው አይሰጥም። በትግርኛ «ሐ» እና «ሀ» የየራሳቸው ድምፅ ስላላቸው ይህ ለትግርኛ ጸሐፊ ጥቂት መብት እንደመንፈግ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የእኔ ፍርድ ከደንቡ ጋር ነው። አንድ ቃል ከመከልከል የሚመጣው ጉዳት አንዲት አሮጊት ገንዘቧን ከምታጣበት ጉዳት ያንሳል። ከመጨረሻው ነጥብ በፊት ላለው ስም ግን ውሳኔው የመዝጋቢዎቹ ነው፤ ለፊደላችን በሩ ሲከፈት ይህንኑ ጥንቃቄ ይዘው መጀመር አለባቸው።

ቁቤ ላቲን ስለሆነ ከችግሩ ነጻ ነው የሚል ካለ አይደለም። «ሁዻ» የምትባለው ከፍ ብላ የምትቀመጥ ምልክት በአድራሻ ውስጥ አትፈቀድም። ፍየልን «ሬኤ» ብሎ በቁቤ የሚጽፍ ልጅ በትምህርት ቤት ብትቀር ቀይ እስክሪብቶ የሚያስነሳበትን ምልክት፣ በአድራሻ ላይ ለመተው ይገደዳል።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ልጆችዎ ለአያታቸው አድራሻን ከኋላ ጀምሮ ማንበብ ያሳዩዋቸው። ከሁለቱ እዝባሮች በኋላ እስከ ቀጣዩ ነጠላ እዝባር ያለውን ክፍል ወስደው መጨረሻውን ይመልከቱ፤ ባለቤቱ የሚታወቀው እዚያ ነው። የባንኩ ስም ፊት ላይ መኖሩ ምንም አያረጋግጥም፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል። አያት የሚጠቀሙባቸውን ሁለት ወይም ሦስት አድራሻዎች ልጁ በደብተር ላይ በላቲን ይጻፍ፣ ከሥሩም ንባቡን በግዕዝ ፊደል ያስፍር፤ ፊደል በፊደል እያመሳከሩ ለማየት ይረዳቸዋል። የባንኩን ስልክ ቁጥር ደግሞ ከሂሳብ ደብተራቸው ላይ ይገልብጡ እንጂ ከመልእክቱ አይውሰዱ።

አድራሻው «ኤክስ»፣ «ኤን» እና ሁለት ጭረት ይዞ ከመጣም ልጆቹ ሊያውቁት ይገባል። ይህ ከላቲን ውጭ ያለ ስም ተለውጦ ሲታይ የሚይዘው መልክ ነው። በፊደላችን የተጻፈ ንጹሕ ስም ሊሆን ይችላል። በ2017 አንድ ባለሙያ ለማስጠንቀቂያ እንዳሳየው የአፕል ኩባንያን ስም በሚመስሉ የሩሲያ ፊደላት የተሠራ ሐሰተኛ ስምም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልምና፣ ላከ የተባለውን ሰው በስልክ ደውለው ድምፁን ሳይሰሙ መስመሩን አይንኩት።