በኮምፒዩተር ኔትወርክ የማስተርስ ትምህርት ለመጀመር ለሚያስቡ፦ ከክፍያ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በየካ ክፍለ ከተማ በላምበረት አውቶቡስ መናኸሪያ በበዓል ዋዜማ የሚፈጠረው ወረፋ እና በአንድ ራውተር ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁ የመረጃ እሽጎች የሚተዳደሩት በአንድ ዓይነት ሕግ ነው። በየደቂቃው 4 መንገደኞች ቢገቡና እያንዳንዳቸው በአማካይ 30 ደቂቃ ቢጠብቁ፣ በግቢው ውስጥ በአማካይ 120 ሰዎች ይገኛሉ። ይህንን ዝምድና አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ አረጋግጠውታል። በኮምፒዩተር ኔትወርክ የድህረ ምረቃ ትምህርት የሚጀምር ሰው ከሚገጥሙት የመጀመሪያ ርዕሶች አንዱም ይኸው የወረፋ ንድፈ ሐሳብ ነው።

ስሌቱ ተግባራዊ ትርጉም አለው። በቀላሉ የወረፋ ሞዴል መሠረት መስመሩ በአቅሙ 50 በመቶ ሲሠራ፣ አንድ እሽግ የሚቆይበት ጊዜ ወረፋ በሌለበት መስመር ከሚቆይበት 2 እጥፍ ይሆናል። በ90 በመቶ ሲሠራ 10 እጥፍ፣ በ95 በመቶ ሲሠራ ደግሞ 20 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ «መስመሩ ገና አልሞላም» የሚለው የብዙ መሥሪያ ቤቶች ምላሽ ተገልጋዩ ለምን እንደሚጉላላ አያስረዳም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ 400 ሜትር እንኳ በማይራራቁ ሁለት ተቋማት መካከል የነበረው የመረጃ ፍሰት ከ32 ሺህ ቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት አሽቆልቁሎ ነበር። መፍትሔው ተጨማሪ ገመድ መዘርጋት አልነበረም፤ ላኪው ኮምፒዩተር መጨናነቅን ተረድቶ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ ዘዴ ተቀየሰ። ይህ ዘዴ በተሻሻለ መልኩ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

የማስተርስ ትምህርት ዓላማም እንዲህ ያለ ችግር ከምን እንደመጣ መመርመር ነው። በሥራ ላይ የሚገኙ በርካታ ባለሙያዎች ግን ትምህርቱን እንደ ሲሲኤንኤ ያሉ የሙያ ሰርተፍኬቶች ቀጣይ ደረጃ አድርገው ይመለከቱታል። ሲሲኤንኤ መሣሪያን የማዋቀርና ብልሽትን የመለየት ችሎታን የሚመዝን ሲሆን በየ3 ዓመቱ መታደስ ይኖርበታል። የሚፈለገው የዕለት ሥራን ማቀላጠፍ ብቻ ከሆነ ሰርተፍኬቱ በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ይበቃል፤ ለዚህ ሲባል 2 ዓመት ማስተርስ መማር አይመከርም። በማስተማር፣ በምርምር ወይም በሥርዓት ንድፍ ለመሰማራት ለሚፈልግ ግን የማስተርስ ዲግሪው አስፈላጊ ነው።

አመልካች በቅድሚያ ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን ማለፍ ይጠበቅበታል። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ በተጨማሪ የራሳቸውን መስፈርት ሊያወጡ ይችላሉ። የፕሮግራሙ ስም ከተቋም ተቋም እንደሚለያይም መዘንጋት የለበትም፦ የኔትወርክ ኮርሶች በኮምፒዩተር ሳይንስ፣ በኮምፒዩተር ምህንድስና ወይም በቴሌኮም ምህንድስና ሥር ሊገኙ ይችላሉ። ለላምበረት ነዋሪ በመገናኛ በኩል የሚደረስበት፣ አምስት ኪሎ የሚገኘው የቀድሞው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዚህ ረገድ ሊጠየቅ የሚገባ ተቋም ነው። ሥራ ላይ ያሉ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገዩት ኮርሶቹን ጨርሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ ስለሆነ፣ በመስኩ ስንት አማካሪ መምህራን እንዳሉ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለምርምሩ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም፤ ኤንኤስ-3 እና ሚኒኔት የተባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች ኔትወርክን በአንድ ላፕቶፕ ላይ አስመስለው ለመፈተሽ ያስችላሉ።

የግል ተቋም የሚመርጡ አመልካቾች ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ማድረግ የሚኖርባቸው በእውቅና ፈቃድ ላይ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ በጥቅሉ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ደረጃና ካምፓስ ተለይቶ ነው። አንድ ኮሌጅ በኮምፒዩተር ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ፈቃድ አለው ማለት በማስተርስም አለው ማለት አይደለም። በአንዱ ካምፓስ የተሰጠው ፈቃድም መገናኛ ወይም ኮተቤ ላይ ለሚከፈት ሌላ ቅርንጫፍ አያገለግልም። ያለፈቃድ በተከፈተ ፕሮግራም የተማረ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ካወጣ በኋላ ማስረጃው ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም አመልካቹ የፕሮግራሙን፣ የደረጃውንና የካምፓሱን ስም በትክክል ይዞ ከባለሥልጣኑ ማረጋገጥ ያለበት የመመዝገቢያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በውጭ አገር ያገኙ አመልካቾች የአቻ ግምት የሚያገኙትም ከዚሁ ባለሥልጣን ነው።