አርቪ የት ይደር?

በቨርጂኒያ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ የተራራውን ጀርባ ይዞ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ 105 ማይል ይረዝማል። 32ኛው ማይል ግድም ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች፣ በሜትር 3.86 ነው። ከዋሻው አፍ ደርሶ «ለመሆኑ የእኔ መኪና ቁመት ስንት ነበር?» የሚል ሾፌር ጥያቄውን አርፍዶበታል። ጣሪያው ላይ የተቀመጠው ኤር ኮንዲሽነርም ከነሽፋኑ ይቆጠራል። ፓርኩ ለዋሽንግተን ዲሲ ቅርብ ስለሆነ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሐበሻ የመጀመሪያው የአርቪ ጉዞ መዳረሻ ቢሆን አይገርምም። ከሰው መሃል ልደር ወይስ ከሰው ርቄ የሚለው ምርጫም ከዚህ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው የጠባይ ጉዳይ ያደርገዋል፤ ጨዋታ ወዳድ ወደ ሰው፣ ዝምታ ወዳድ ወደ ጫካ። እኔ ግን ከጠባይ በፊት መኪናው ይጠየቅ ባይ ነኝ።

አርቪ አሜሪካኖች መኝታ፣ ማእድ ቤትና መጸዳጃ ለያዘ ተሽከርካሪ ሁሉ የሚሰጡት የወል ስም ነው። ራሱን ችሎ የሚነዳ አለ፣ በሌላ መኪና የሚጎተት አለ። ከሚነዱት ክላስ ኤ የሚባለው አውቶቡስ የሚያክል ሲሆን እስከ 45 ጫማ ይደርሳል። ክላስ ሲ ከጋቢናው በላይ አልጋ የተዘረጋበት ነው፤ ለኪራይ በብዛት የሚቀርበውም እሱ ነው። የፊደሉን ተራ አትመኑት፣ ከሦስቱ ትንሹ ክላስ ቢ ነው፤ ከሚኒባስ ብዙም የማይበልጥ ቫን። ከተጎታቾቹ ደግሞ አንዳንዱ በኋላ መንጠቆ ይታሰራል፣ ፊፍዝ ዊል የሚባለው ትልቁ ግን የፒካፑ ጭነት ቦታ ላይ ይቀመጣል። በዲያስፖራው ውስጥ የከባድ መኪና ሾፌር ብዙ ነውና ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት ለሌላው ጀማሪ ላብ የሚያስወርድ ሲሆን ለእነሱ የዘወትር ሥራ ነው። 

ከውጭ ሲታዩ ይለያያሉ እንጂ ከወለሉ በታች አብዛኞቹ ሦስት ታንከር አላቸው። አንዱ ንጹህ ውኃ ይይዛል። ሁለተኛው ከዕቃ ማጠቢያውና ከሻወሩ የሚወርደውን እጣቢ ይቀበላል፤ ግራጫው ይሉታል። ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው፤ እሱ ጥቁሩ ነው። መካከለኛ ተጎታች ከ30 እስከ 50 ጋሎን ንጹህ ውኃ ይይዛል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው አንድ ቤተሰብ በቤቱ በቀን በአማካይ ከ300 ጋሎን በላይ ይጠቀማል። በቤት ውስጥ ለግማሽ ቀን እንኳ የማይበቃው ውኃ እዚህ ቅዳሜንና እሁድን ማድረስ አለበት ማለት ነው። ትልቅ ታንከር ያለው ልግዛ ማለትም ቀላል መልስ አይደለም። 40 ጋሎን ውኃ 150 ኪሎ ይመዝናል፤ ነዳጅ ያስበላል፣ ጎማና ፍሬን ላይ ይጫናል።

ቶሎ ችግር የሚያመጣው የንጹህ ውኃ ማለቅ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚቀድመው የግራጫው መሙላት ነው። ውኃ ካነሰ ከቅርብ ከተማ በጀሪካን ይቀዳል። የሞላ እጣቢ ግን ሜዳ ላይ አይደፋም፤ ነውርነቱ እንዳለ ሆኖ በብዙ ቦታ በሕግም ያስቀጣል። መኪናውን አስነስቶ፣ ድንኳን መሰሉን መጋረጃ አጥፎ፣ የፍሳሽ ማራገፊያ እስካለበት መንዳት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ርቀው የሚያድሩ ሰዎች ሳህኑን ከማጠባቸው በፊት በወረቀት ይጠርጉታል፤ ገላቸውን አርሰው ውኃውን ይዘጋሉ፣ ሳሙናውን ይቀባሉ፣ ከዚያ ከፍተው ይለቀለቃሉ። የወጥ ድስት እዚህ ላይ ጠላት ነው። ዘይትና በርበሬ የያዘ ድስት ለማጠብ የሚፈስሰው ውኃ የአንድ ሰው ሻወር ይሆናል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ። መብራቱና የውኃ መግፊያው በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። ምድጃው፣ የውኃ ማሞቂያውና በብዙ መኪኖች ፍሪጁም ጭምር በጋዝ ይሠራሉ። ማሞቂያውም ጋዝ ነው የሚያቃጥለው፤ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚገፋው ማራገቢያ ግን ከባትሪው ይስባል። ጀማሪን የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ጋዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ይቀዘቅዛል። 100 አምፒር አወር የተጻፈበት የተለመደው ሊድ አሲድ ባትሪ እንዳይጎዳ ከግማሹ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ የምር ያለው 50 ብቻ ነው። ሊቲየም ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ መውረድ ይችላል፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ኤር ኮንዲሽነሩን በአንድ ባትሪ ማስነሳት የማይታሰብ ነው። ጄኔሬተር ወይም የግድግዳ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።

ሰው የሚበዛባቸው የካምፕ ሜዳዎች የሚሸጡት እንግዲህ ይህንኑ ነው። ፉል ሁክአፕ ያለው ቦታ ማለት አጠገብህ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ የውኃ ቧንቧና የፍሳሽ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። የዚህ ንግድ ትልቁ ስም ኬኦኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዴቭ ድረም የሚባል ነጋዴ ወደ ሲያትል የዓለም ትርኢት የሚጎርፈውን ተጓዥ አይቶ በሞንታና በቢሊንግስ ከተማ፣ በየሎስቶን ወንዝ ዳር መሬቱን ማደሪያ አደረገው። ዛሬ ቢጫ ምልክቱ በየአውራ ጎዳናው መውጫ ይታያል። በግል ሜዳዎች ዋጋው ብዙ ጊዜ በሌሊት ከ40 እስከ 100 ዶላር ነው፤ በታወቀ ስፍራና በበዓል ሰሞን ይበልጣል። ለዚህ ገንዘብ የልጆች መጫወቻ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ሙቅ ሻወር ይገኛል። የጎረቤትህ መስኮትም ከጠረጴዛህ አጠገብ ይሆናል።

ፉል ሁክአፕ ሲባል ደግሞ ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። የ30 አምፒር ሶኬት በ120 ቮልት የሚሰጠው 3,600 ዋት ነው። ኤር ኮንዲሽነሩ እየሠራ፣ የውኃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ በርቶ፣ 1,500 ዋት ገደማ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ የሰካ ቆጣሪውን ያዘልለዋል። እንጀራው ከቤት ይምጣ። ቡናውም ከቤት ተቆልቶ ቢመጣ መልካም ነው፤ የአርቪ ጭስ ጠቋሚ ከአናትህ በላይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው ያለው። ምጣዱን ደጅ አውጥቶ መቁላትም ይቻላል፤ በተጨናነቀ ሜዳ እንዲያውም ከዚያ የተሻለ የመተዋወቂያ ዘዴ አላውቅም።

በተጨናነቀና በገለልተኛ መካከል አንድ አሳሳች ክፍል አለ፤ የብሔራዊ ፓርኮቹ የራሳቸው ሜዳዎች። ሰው ይሞላባቸዋል፣ ግን አብዛኞቹ ሶኬትም የፍሳሽ መስመርም የላቸውም። ሸናንዶዋ ውስጥ አንድም ቦታ ሁክአፕ የለም። የካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ፓርክ የሸለቆ ቦታዎች በኢንተርኔት የሚለቀቁት ከአምስት ወር በፊት በ15ኛው ቀን በካሊፎርኒያ ሰዓት ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን ለበጋው ወራት በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ትልልቅ አርቪ ከመምጣቱ በፊት ለድንኳን የተሠሩ ስለሆኑ የርዝመት ገደብ አላቸው። ጄኔሬተርም በብዙዎቹ የሚፈቀደው በቀን በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። ማለትም ሁለቱንም ጉድለት ባንዴ ያሟላሉ፤ የሰው ግርግር እንዳለ ሆኖ አገልግሎት የለም። የሚኬድባቸው ለቦታው ውበት ነው፣ ውበቱም ዋጋው ነው።

እውነተኛው ገለልታ ያለው በሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሬት ላይ ነው። የመሬት አስተዳደር ቢሮው፣ በአጭር ስሙ ቢኤልኤም፣ ወደ 245 ሚሊዮን ኤክር ያስተዳድራል። የደን አገልግሎቱ ደግሞ 154 ብሔራዊ ደኖች አሉት። በሁለቱ መሬት ላይ በአብዛኛው፣ የክልከላ ምልክት ከሌለበት፣ መኪና ቀድሞ በቆመበት ጠፍ ላይ በነጻ ማደር ይቻላል። የተለመደው ገደብ በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን ነው፤ ከዚያ ነቅሎ መራቅ ነው። ቧንቧ የለም፣ ቆሻሻ መጣያ የለም፣ ብዙ ጊዜ ኔትወርክም የለም።

እዚህ ላይ የምትኖርበት ግዛት ይፈርድብሃል። የኔቫዳ መሬት ሰማንያ በመቶ ያህሉ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የላስ ቬጋስ ነዋሪ አርብ ከሥራ ወጥቶ ሳይመሽ በረሃ ውስጥ ብቻውን ሊሆን ይችላል። የምሥራቁ ነዋሪ እንዲህ አልታደለም፤ አብዛኛው መሬት የግል ነው። ለዲሲው ሰው ቅርብ የሚሆነው ከሸናንዶዋ ሸለቆ ማዶ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው። የደን መንገዶቹ ግን ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው፤ ቫን የሚያልፍበት ባለ 30 ጫማ ተጎታች የማይዞርበት ሞልቷል።

ነጻና ገለልተኛ አንድ ናቸው ብሎ የሚያምን ደግሞ ጥር ላይ ኳርትዝሳይትን ይይ። አሪዞና ውስጥ፣ ከካሊፎርኒያ ድንበር አጠገብ ያለች ይህች ከተማ ነዋሪዋ ከጥቂት ሺህ አይበልጥም። በክረምት ግን ከሰሜኑ ብርድ የሸሹ ጡረተኞች በየመኪናቸው በዙሪያዋ ባለው የቢኤልኤም በረሃ ላይ ይሰፍራሉ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በወራቱ ውስጥ ይመላለሳል። ላ ፖሳ በሚባለው የረጅም ጊዜ ማረፊያ ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15 (በፈረንጅ) ለመቆየት ለዓመታት ሲከፈል የኖረው 180 ዶላር ነው። ሰባት ወር ሙሉ! ሜዳው ላይ ሶኬት የለም፣ የሶላር ሰሌዳ ግን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያንጸባርቃል። ከ«ኖማድላንድ» ፊልም በስተጀርባ ያለው የመኪና ኑሮ ዓለም በከፊል እዚህ ነው።   

መጨናነቅ እንግዲህ ከቦታው ይልቅ የቀኑ ነገር ነው። ይህን ምክር ከሁሉ አስበልጣለሁ። በሐምሌ ቅዳሜ መግቢያ የማይገኝበት ሜዳ ከሌበር ዴይ (ከአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) በኋላ ባለው ማክሰኞ ግማሹ ባዶ ነው። እንቁጣጣሽ ከሌበር ዴይ በኋላ መዋሉ ለእኛ የተሰጠ ዕድል ይመስለኛል፤ በዓሉን ደጅ ማሳለፍ ለሚፈልግ ሙቀቱ አላለፈም፣ ግርግሩ ግን አልፏል። ቀኑን መለወጥ ካልተቻለ ቦታውን በሜዳው ውስጥ መምረጥ ይቻላል። ሲያስይዙ ካርታውን ከፍቶ ከመጸዳጃው፣ ከመጫወቻውና ከፍሳሽ ማራገፊያው የራቀውን፣ በመስመሩ ጫፍ ያለውን መውሰድ ነው። ጄኔሬተር የተከለከለበት ክፍል ካለ እሱ ይሻላል። የጦር ሠራዊቱ የምህንድስና ክፍል በሠራቸው ግድቦች ዳር ያሉት ሜዳዎችም ብዙ ሰው የማያስታውሳቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ አላቸው፣ በቦታዎቹ መካከልም ከግሎቹ የሰፋ ርቀት አለ።

ርቆ ለሚያድር ደግሞ አደጋው አውሬው አይደለም፣ መንገዱ ነው። የደን አገልግሎቱ ለመኪና የተፈቀዱ መንገዶችን የሚያሳይ ካርታ በነጻ ያወጣል፤ ያንን ይዞ ተሳቢውን ሰፊ ቦታ ላይ አቁሞ የመጨረሻውን ግማሽ ማይል በእግር ማየት ነው። በረሃ ውስጥ ደረቅ የወንዝ አልጋ ለጥ ያለ ስለሆነ ይጋብዛል፤ ሃያ ማይል ርቆ የዘነበ ዝናብ ግን ጎርፉን ያመጣል። በሚያዝያ ተፈቅዶ የነበረ እሳት በነሐሴ ክልክል ሊሆን ይችላልና የዕለቱን እገዳ ማየት ያሻል። በአደን ወቅት ደማቅ ብርቱካንማ ልብስ መልበስም ፌዝ አይደለም። ኔትወርክ ስለሌለ የት እንዳላችሁና መቼ እንደምትመለሱ የሚያውቅ ሰው ከተማ ውስጥ ይኑር።

ለጀማሪ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም ለሚለኝ፣ መጀመሪያ ሶኬትና ጉድጓድ ያለበት፣ ከቤት ሁለት ሰዓት የማይርቅ የተጨናነቀ ሜዳ እላለሁ። የጥቁሩ ታንከር መክፈቻ ክፍት ተደርጎ መተው እንደሌለበት፣ ፈሳሹ ሄዶ ደረቁ እንደሚከመር፣ ሲራገፍም ጥቁሩ ቀድሞ ግራጫው ቱቦውን ሊያጥብ እንደሚከተል የሚማሩት ከጎረቤት ነው። እዚያው ቆሞ ውኃና ኤሌክትሪኩን ነቅሎ አንድ ሌሊት በታንከርና በባትሪ ብቻ መሞከር ይቻላል፤ ቢከፋ እጅ ዘርግቶ መልሶ መሰካት ነው። ያ ሌሊት ካለፈ ጫካው ይከፈታል። ተከራይቶ የሚሄድ ግን ከዚያ በፊት ውሉን ያንብብ፤ ብዙ አከራዮች ከአስፋልት መውጣትን ይከለክላሉ፣ ጄኔሬተሩንም በሰዓት ያስከፍላሉ።