የጋራ ፋይል በማን ስም ይቀመጥ?

በሊኑክስ ስርዓተ ክወና በሚሠራ ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዱ ግለሰብ ነው፣ ሌላው ቡድን። ከሁለቱ ውጪ ያለው ሰው ሁሉ «ሌሎች» በሚለው ይጠቃለላል። የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ፈቃድም ለሦስቱ ለየብቻ ይሰጣል። አሠራሩ የተወረሰው ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ከጀመሩት ከዩኒክስ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ውድ ስለነበር ብዙ ሰው በአንዱ ይጠቀም ነበር።

በአንድ ኮምፒውተር በጋራ መሥራት ዛሬም አልቀረም። በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለችው በጉንደ ወይን፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ፣ አንድ ጽሕፈት ቤት የመሬት ይዞታ መዝገቡን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል እንበል። መዝጋቢዋ የባለይዞታዎችን ዝርዝር ጽፋ ታስቀምጣለች። ፋይሉ በእሷና በራሷ ቡድን ስም ስለሚመዘገብ ቀያሹ ከፍቶ ቢያነበውም የተሳሳተ ስፋት ማረም አይችልም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ይሰጣል፤ ወይም ሦስት ሰባት የሚባለውን ፈቃድ ሰጥቶ ፋይሉን ለሁሉም ክፍት ያደርገዋል። ሁለቱም መፍትሔ ከችግሩ ይብሳሉ፤ ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅምና።

ትክክለኛው መንገድ የፋይሉን ቡድን ሁለቱም አባል ወደሆኑበት ቡድን መቀየር ነው። በቅድሚያ ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በተርሚናሉ ላይ፣ የ«ኤልኤስ» ትዕዛዝ ከ«ሰረዝ ኤል» ጋር ይጻፋል። በሚወጣው መስመር መጀመሪያ ላይ የፈቃድ ምልክቶች ይታያሉ፤ ቀጥሎ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ የባለቤቱ ስም፣ ከዚያ የቡድኑ ስም ይመጣል። መቀየሪያው ሲ፣ ኤች፣ ጂ፣ አር፣ ፒ በሚባሉ አምስት የላቲን ፊደላት የሚጻፍ ትዕዛዝ ነው። አጻጻፉ አጭር ነው፦ ትዕዛዙ፣ ክፍት ቦታ፣ የአዲሱ ቡድን ስም፣ ክፍት ቦታ፣ የፋይሉ ስም። ትዕዛዙ ሲሳካ ማያው ላይ ምንም አይጽፍም፤ ጀማሪዎችን የሚያደናግረውም ይኸው ዝምታ ነው።

ቡድኑ መቀየሩ ብቻውን ግን ቀያሹን አይጠቅመውም። ቡድኑ የመጻፍ ፈቃድ ከሌለው በ«ሲኤች ሞድ» ትዕዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። መዝጋቢዋም ፋይሏን ልታስተላልፍ የምትችለው ራሷ አባል ለሆነችበት ቡድን ብቻ ነው፤ ላልሆነችበት ቡድን ለመስጠት ስትሞክር ስርዓቱ ይከለክላታል። ገደብ የሌለበት «ሩት» የሚባለው የበላይ ተጠቃሚ ነው። ሌላው የሚዘነጋ ነገር ደግሞ አዲስ የቡድን አባልነት ወዲያው ሥራ ላይ አለመዋሉ ነው። ሰውየው ከኮምፒውተሩ ወጥቶ እንደገና እስኪገባ ድረስ የሚሠራው በድሮው አባልነቱ ነው፤ ትዕዛዙን በከንቱ እየደጋገሙ የሚደክሙም ብዙ ናቸው።

የፎልደርን ቡድን ከነይዘቱ ለመቀየር ከቡድን መቀየሪያው ትዕዛዝ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁ «አር» ይታከላሉ። ይህ ግን የሚነካው በዚያች ቅጽበት በፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች ብቻ ነው፤ ነገ የሚፈጠረው ፋይል ተመልሶ በፈጣሪው ቡድን ስም ይመዘገባል። አዳዲሶቹም የፎልደሩን ቡድን እንዲወርሱ ከተፈለገ ለፎልደሩ ራሱ በ«ሲኤች ሞድ» የቡድን ውርስ ምልክት ይሰጠዋል። በጋራ ለሚሠራ ቢሮ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ምልክት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ያን ያህል አይነገርለትም።

የፋይል ስም በአማርኛ ሲጻፍ በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ከተተወ ትዕዛዙ ስሙን እንደ ሁለት ፋይል ስለሚቆጥረው በትምህርተ ጥቅስ ማስገባት ይገባል። የድሮዎቹ ሁለት ነጥቦች (፡) ግን ለተርሚናሉ እንደ ማንኛውም ፊደል ስለሆኑ ስሙን አይከፍሉትም። የቡድን ስም ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ቢወጣ ይሻላል፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን የማይቀበሉ ስርዓቶች አሉ።