ለመስኖ ሞተር የሚበጀው ውድ ዘይት ነው ወይስ ትክክለኛ ዘይት?

ክረምቱ አልፎ በፎገራ ሜዳ ላይ ተኝቶ የከረመው ውኃ ሲሸሽና ሩዙ ታጭዶ ሲነሳ፣ በጣና ዙሪያ ሌላ ሥራ ይጀመራል። በርብና በጉማራ ወንዞች ዳርቻ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ቀበሌዎች እንዲሁም በሐይቁ ጠርዝ ባሉ ማሳዎች የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ከማለዳ እስከ ምሽት ሲንደቀደቁ ይውላሉ። በሜጫ የቆጋ መስኖ ተጠቃሚዎች ለዚህ ጣጣ ብዙም አይጋለጡም፤ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ የተነደፈው ግድብ ውኃውን በቦይ ቁልቁል ይልክላቸዋል። ከወንዝና ከሐይቅ ውኃ ወደ ላይ ስቦ የሚያጠጣው አርሶ አደር ግን ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በሞተሩ ጤንነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ሞተሩ በበጋው አጋማሽ ቢነክስ ጉዳቱ የጥገናው ወጪ ብቻ አይደለም። መለዋወጫ ፍለጋ ወረታ ወይም ባሕር ዳር ሲኬድ፣ መካኒክ ሲጠበቅ ቀናት ያልፋሉ። መተከሉ ገና የሆነ ሽንኩርት ደግሞ ውኃ እስኪመጣ አይጠብቅም። ለማዳበሪያ፣ ለዘርና ለጉልበት የወጣው ሁሉ አብሮ ይጠወልጋል።

ለዚህም ነው አርሶ አደሩ ዘይት ሊገዛ መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ የሚያመነታው። በአንዱ መደርደሪያ ላይ «ሲንተቲክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ዋጋው ከተለመደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዘይት ተቀምጧል። ከጎኑ ወደ ዘይቱ ተጨምሮ ጭስ እንደሚያጠፋና ጉልበት እንደሚጨምር የሚነገርለት ትንሽ ጠርሙስ አለ። ከሁሉ በታች የተለመደው ዘይት በጀሪካን ተደርድሯል። ሞተርን ከጉዳት የሚጠብቀው የትኛው ነው? ዋናው ዘይት ወይስ ውስጡ የሚገባው ቅመም?

ዘይት ከምን ይሠራል?

የሞተር ዘይት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እንደ ዓይነቱ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው መሠረታዊ ዘይት ነው። ቀሪው ከ10 እስከ 30 በመቶ በፋብሪካ የሚቀላቀሉ ኬሚካሎች፣ በጋራዥ ቋንቋ «ቅመም» ሊባሉ የሚችሉ ናቸው። ነገሩ ከጠላ ጋር ይመሳሰላል። ጠላ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ጠላ የሚያሰኘው ግን ብቅሉና ጌሾው ነው።

እያንዳንዱ ቅመም የራሱ ሥራ አለው። አንዱ በፒስተንና በፋሻ ላይ የሚጋገረውን ጥላሸት ያጥባል፤ ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረውን አሲድም ያመክናል። ሌላው የታጠበው ጥላሸት ተሰብስቦ ጭቃ እንዳይሆን በዘይቱ ውስጥ በትኖ ያቆየዋል። ሦስተኛው ዘይቱ በሙቀት ከመጠን በላይ እንዳይቀጥን ይረዳል። ሌሎቹ አረፋን፣ ዝገትንና የዘይቱን በሙቀት መበላሸት ይከላከላሉ። ከሁሉም ስመ ጥሩ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ውሁድ ነው። ይህ ቅመም ብረት ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን እየሠራ ብረቱ እንዳይበላ ያደርጋል።

መሠረታዊ ዘይት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያዛልቅ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም በምህጻሩ ኤፒአይ የሞተር ዘይቶችን በደረጃ ይመድባል። በቤንዚን ሞተር ዘይት ረድፍ የመጀመሪያው ደረጃ «ኤስኤ» ቅመም የሌለበት ዘይት ነው። ተቋሙ ይህ ዘይት እ.ኤ.አ. ከ1930 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የመኪና ሞተሮች እንደማይስማማ ያስጠነቅቃል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደረጃዎች እርስ በርሳቸው የሚለዩት በአብዛኛው ዘይቱ ከቅመሙ ጋር ሆኖ በሚያልፈው ፈተና ነው።

«ሲንተቲክ» ሲባል

መሠረታዊ ዘይቶች በአምስት ምድብ ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርተው የሚገኙ የተለመዱ ዘይቶች ናቸው። ሦስተኛው ከዚያው ከድፍድፍ ይወጣል፤ ነገር ግን በከፍተኛ ግፊትና በሃይድሮጅን እጅግ የተጣራ ነው። አራተኛው በፋብሪካ ከትንንሽ የኬሚካል ሰንሰለቶች የሚገጣጠመው ሰው ሠራሽ ዘይት ሲሆን፣ አምስተኛው ሌሎቹን ሁሉ ያካትታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በሁለት ኩባንያዎች መካከል የተነሳ የማስታወቂያ ክርክር ከታየ በኋላ ሦስተኛው ምድብም «ሲንተቲክ» ተብሎ መሸጥ ተለምዷል። ስለዚህ ይህ ቃል በጠርሙሱ ላይ መኖሩ ብቻ ውስጡ ያለው ከየትኛው ምድብ እንደሆነ አይናገርም።

ሰው ሠራሹ ዘይት ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። በብርቱ ብርድ አይረጋም፣ በብርቱ ሙቀትም ቶሎ አይበላሽም። ቱርቦ የተገጠመላቸው አዳዲስ ትራክተሮችና የእህል ማጨጃ ኮምባይነሮች ሙቀታቸው ከፍተኛ በመሆኑ፣ አምራቹ በመመሪያው ካዘዘው መግዛቱ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ለጣና ዳር የውኃ መሳቢያ ሞተር ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ነው። በገበያችን የተለመደው «15ደብሊው-40» ዘይት የመጀመሪያው ቁጥር ከብርድ ጋር የተያያዘ ነው። በመለኪያው መሠረት ይህ ዘይት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ሆኖ በሞተሩ ውስጥ ሊፈስ ይገባዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ባሕር ዳር ደግሞ በጥር ማለዳም እንዲህ ያለ ብርድ አታውቅም። ብርድን ለመቋቋም ተብሎ የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ እዚህ አገር የሚመልሰው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል።

ለእኛ ቅመሙ ለምን ይበልጣል?

የጣና አካባቢ ሞተር ጠላቱ ብርድ ሳይሆን ጥላሸትና አቧራ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው አምስት እጅ አራት ያህሉ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የሚበቃውን አየር ካላገኘና ጭነት ከበዛበት ናፍጣው ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቁር ጭስ ይወጣል። የዚያ ጥላሸት የተወሰነው በፋሻው አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጥላሸቱን በትኖ መያዝና አሲዱን ማምከን ደግሞ የቅመሙ ሥራ ነው። ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን መጥቆሩም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ቅመሙ እያጠበ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ቅመም ትክክለኛ ካልሆነ ምን እንደሚያደርስ በሐይቁ ላይ የሚመላለሱት የሞተር ጀልባዎች ይመሰክራሉ። ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር፣ በብዙዎቹ ሞተሮች 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ተቀላቅሎ አብሮ ይቃጠላል። በተለመደው የመኪና ዘይት ውስጥ ያሉት ብረት ነክ ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ፤ አመዱም ካንዴላና ፒስተን ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ለጀልባ የሚሠራው ዘይት አመድ በማይተው ቅመም ይዘጋጃል። በባጃጅና በሞተር ብስክሌትም እንዲሁ ነው። የብዙዎቹ ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ የተነከረ በመሆኑ፣ ለመኪና ተብሎ ማለስለሻ ቅመም የበዛበት ዘይት ቢጨመርባቸው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። መሠረታዊ ዘይቱ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ይሆናል።

ትንሿ ጠርሙስ

ቅመም ይህን ያህል ከጠቀመ ለብቻው በጠርሙስ የሚሸጠውን ጨምሮ ማጠናከር አይሻልም? መልሱ አይሻልም ነው። ጌሾ ለጠላ ግድ ቢሆንም ከመጠን በላይ ከገባ ጠላው ይመራል። በፋብሪካ የሚገቡት ቅመሞች በመጠን ተመዝነው፣ አንዱ ሌላውን እንዳያፈርስ ተፈትነው የተቀላቀሉ ናቸው። ከላይ ሌላ ሲጨመር ይህ ሚዛን ሊዛባ ይችላል።

የእነዚህ ጠርሙሶች ማስታወቂያም በሌላ አገር ክስ አስከትሏል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 «ስሊክ 50» የተባለ የዘይት ተጨማሪ አምራች ላይ፣ ስለ ምርቱ የተነገረው በማስረጃ ያልተደገፈ ነው ሲል ክስ መሥርቶ ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ተቋጭቷል። ኮሚሽኑ ከዚያ በኋላም በሌሎች መሰል ምርቶች ላይ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል።

ወፍራም ተጨማሪ ሲገባበት ጭሱ ለጊዜው የቀነሰ የሚመስል ሞተርም አለ። ፋሻው ካለቀ ግን ያለቀው ብረት በዘይት አይመለስም። በሽታው ተሸፈነ እንጂ አልዳነም፤ በመስኖው ወቅት መሐል ተመልሶ ይመጣል።

ጠርሙሱን ማንበብ

ገዢው ከዋጋው በፊት ማየት ያለበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከኤፒአይ ስም አጠገብ ያለው የላቲን ፊደል ነው። በ«ኤስ» የሚጀምር ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምር ለናፍጣ ሞተር ነው። በናፍጣው ረድፍ ሲኤፍ-4 እ.ኤ.አ. በ1990፣ ሲኤች-4 በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲኬ-4 በ2016 የወጡ ናቸው። ሲኤፍ-4 ለሚጠይቅ አሮጌ ሞተር ሲአይ-4 ማድረግ ይቻላል፤ ለሲአይ-4 የተሠራ ሞተር ላይ ግን ሲኤፍ-4 ማድረግ አይገባም። ሁለተኛው የውፍረት ቁጥሩ ነው። ለብዙ የናፍጣ ሞተሮች 15ደብሊው-40፣ ለብዙ ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ደግሞ 10ደብሊው-30 ወይም 30 ቁጥር ይታዘዛል። የመጨረሻው ቃል ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ ነው።

ክዳኑ የተነካካ፣ ማሸጊያው የላላ ወይም ጽሑፉ የደበዘዘ ዕቃ አለመግዛት ይመከራል። ባዶ ጠርሙስ በሌላ ዘይት ተሞልቶ ተመልሶ እንዳይሸጥ ቀዶ መጣልም ጥሩ ነው።

ሰዓቱን መቁጠር

ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ ብዙ ሞተር የሚገድለው የመቀየሪያው ጊዜ ማለፍ ነው። ዘይት ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያልቀው ቅመሙ ነው። አሲድ የሚያመክነው እያመከነ፣ ጥላሸት የሚይዘው እየያዘ አቅሙ ይሟጠጣል። ብዙ ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች አዲስ ሲሆኑ በመጀመሪያው 20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ዘይት እንዲቀየርላቸው ታዝዟል።

100 ሰዓት ብዙ ይመስላል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ፓምፕ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። አንድ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 100 ሰዓት ቢሄድ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህም ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከአራት ጊዜ በላይ ደርሶ መልስ ማለት ነው። መኪናውን ከዚህ በላይ ያለ ዘይት ለውጥ የማይነዳ ሰው ፓምፑን ወቅቱን ሙሉ በአንድ ዘይት ማሠራቱ ተገቢ አይሆንም።

ትንንሾቹ የቤንዚን ፓምፖች አብዛኞቹ የዘይት ፊልትሮ የላቸውም። ቆሻሻው ከሞተሩ የሚወጣው ዘይቱ ሲቀየር ብቻ ነው። የሚይዙት ዘይት ደግሞ 0.6 ሊትር ገደማ ነው። አራት ወር በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 960 ሰዓት ይሆናል፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ጊዜ ቢቀየር የሚፈጀው ቢበዛ ስድስት ሊትር ገደማ ነው። አንዴ በሲንተቲክ ሞልቶ ወቅቱን ሙሉ ከመርሳት ይልቅ ደረጃው ትክክል የሆነ ተራ ዘይት በጊዜው መቀየር የተሻለ ነው።

ዘይቱ የሚቀዳው ሞተሩ ሞቅ እያለ ሲሆን ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ልኩም በየማለዳው፣ ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ መታየት አለበት። የሠራበትን ሰዓት በደብተር ወይም በሞተሩ ክዳን ላይ በጠመኔ መመዝገብ ይቻላል። ከዚህ ጋር የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት አይዘነጋም። በተለይ በሩዝ መፈልፈያ አካባቢ የሚነሳው ብናኝ የአሸዋ ባሕርይ ያለው ሲሊካ በብዛት ስላለበት ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ይህን የሚከላከል ዘይትም ቅመምም የለም።

የተቃጠለው ዘይትስ?

በየሁለት ሳምንቱ የሚቀየር ዘይት በየሁለት ሳምንቱ የሚወገድ ዘይትም ነው። ብዙ ጊዜ ፓምፑ የሚቆመው በወንዙ አፋፍ ወይም በሐይቁ ዳር በመሆኑ የተቃጠለው ዘይት እዚያው መሬት ላይ ይደፋል። ከዚያ ወደ ውኃው ለመግባት አንድ ዝናብ ይበቃዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እንደሚያስረዳው ከአንድ ዘይት ለውጥ የሚወጣው ያገለገለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው ጣና ደግሞ እምቦጩ ብቻ ይበቃዋል። ያገለገለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሞ ዘይት ለሚሰበስቡ ጋራዦች ማስረከብ የሚያስወጣው ወጪ የለም። ነገ ማሳውን የሚያጠጣው ያው ውኃ ነውና።

እንግዲህ የሱቁ ጥያቄ መልስ ግልጽ ነው። ቅመሙ ከመሠረታዊው ዘይት ይበልጥ ይወስናል፤ የሚፈለገው ቅመም ግን በትንሿ ጠርሙስ ሳይሆን ደረጃው በትክክል በተጻፈበት ዘይት ውስጥ ገብቶ ነው የሚሸጠው። አርሶ አደሩ ፊደሉንና ቁጥሩን አይቶ ይግዛ፣ ሰዓቱን ቆጥሮ ይቀይር። ለትንሿ ጠርሙስ ሊከፍል የነበረው ገንዘብ ለቀጣዩ ዘይት መቀየሪያ ይተርፈዋል።